በቅጹ ላይ የሌለ ዝምድና

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

አንተን የሚከስ ማመልከቻ አስጽፌያለሁ።

አበልጄ፤ ሰላምታውን ከዚህ ቃል በኋላ ማምጣቴን እንደ ንቀት አትቁጠርብኝ። ደኅንነትህን እየጠየቅሁ ቆይቼ፣ ገጹን ስትገልጥ የምወጋህ ሰው እንዳልሆን ክፉውን አስቀደምሁት። አሁን ልጠይቅህ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህ እንዴት ሆነ? እዚያ ጠባብ የአውሮፕላን መቀመጫ ላይ ቀኑን ሙሉ መዋል እንደማይበጅህ ሐኪሙ ነግሮህ ነበር። ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ሁሉንም በያሉበት ሰላም በልልኝ።

እኛ ደኅና ነን። በቆሎው ገብቷል፤ ጤፉ ገና አልታጨደም። ባለቤቴ አቻምየለሽ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ከማንም ቀድማ ትነሣለች። እናትህን እማማ ማሚቱን ባለፈው ወር ገበዝ ማርያም ድረስ ሄጄ አየኋቸው። ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል። «ያ ልጄ አየር ላይ ወጥቶ ሞተር ያጠፋል አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እውነት ነው፤ ለማስተማር ሆን ብሎ ነው የሚያጠፋው» አልኋቸው። «ሆን ብሎ ከሆነማ ባሰ» አሉ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማመልከቻውን ያን ጊዜ አላሰብሁትም ነበር ብልህ እዋሻለሁ። ከእሳቸው ቤት ስወጣ በልቤ ይዤው ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ።

ልጄ ናሁሰናይ ለመስቀል ስድስት ቀን መጥቶ ሰነበተ። በአንተ እጅ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን መማር ከጀመረ ሁለት ወሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ጎረቤታችን ጋሽ ሀብተሚካኤል ተቀምጦ ሳለ፣ አንዱ ሞተር አየር ላይ ቢጠፋ ወዲያው ትወድቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀው። ድሮ መብረር አስተምር እንደ ነበር ያውቃልና ይህን ጥያቄ እኔን ስንት ጊዜ ጠይቆኛል። ልጄ እጁን ጠርጎ ተነሣ። በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ተቀመጠና ሁለት እግሮቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ጥማድ በሬ ያስቡ» አለ። «ቀኙ በሬ ፈር መካከል ቢተኛብዎ ቀንበሩ ወዴት ይዞራል?»

«ወደ ተኛው ነዋ» አለ ጋሽ ሀብተሚካኤል።

«አውሮፕላኑም እንዲሁ ነው። ቀኝ ሞተሩ ሲጠፋ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል። ቀጥ እንዲል በግራ እግርዎ ይረግጣሉ። ያን ጊዜ ቀኝ እግርዎ ሥራ ይፈታል። የተኛው በሬ ሥራ በፈታው እግር በኩል ነው ማለት ነው። ዓይን ይሳሳታል፤ እግር አይሳሳትም።»

ቀጠለ። ገበሬ ሲደነግጥ የሚገርፈው የሚጎትተውን በሬ ነው፤ ዓይኑ የሚንቀሳቀሰውን ነውና የሚያየው፤ አብራሪም ሲደነግጥ ደኅናውን ሞተር ይዘጋል አለ። ስለዚህ ከመዝጋት በፊት ማረጋገጥ አለ፤ የጠፋ የመሰለህን ሞተር እጀታ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ትስባለህ፤ ምንም ካልተለወጠ እውነትም የጠፋው እሱ ነው፤ አውሮፕላኑ ከተንገዳገደ ግን ደኅናውን ነው የነካኸው፤ ቶሎ መልሰው። ይህን ሁሉ በሁለት እግሩና በሁለት ማንኪያ አሳየው።

ጋሽ ሀብተሚካኤል እኔን እየጠቆመ ልጄን «እንግዲህ ዛሬ ገና ገባኝ። አባትህ አሥር ዓመት ሙሉ ሲያስረዳኝ አንድ ቀን አልገባኝም» አለ። አቻምየለሽ ሳቀች። «እሱ መቼ አስረዳህ፣ ሲቆጣህ ነው የኖረው» አለችው።

እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ። የጥማዱን ምሳሌ ከየት አመጣሃት ብዬ ልጄን ጠየቅሁት። ጋሼ ነው ያስተማረኝ አለ። ጋሼ የሚለው አንተን ነው። እሱስ ከየት አመጣት አልሁት። «ከአንድ ገበሬ የሰማኋት ናት ይላል» አለኝ።

ከአንድ ገበሬ።

አበልጄ፣ አንተ ረስተኸው አይደለም። በ1998 ሰኔ ላይ ፈቃድ ወስጄ አባቴን በእርሻ ሳግዝ ዳልቻው በሬ ፈር ውስጥ ተኛብኝ። ቀንበሩ ሲዞር ዕርፉን ለማቅናት የረገጥሁትን እግርና ያልረገጥሁትን እግር ለየሁ። በዚያ ዓመት ተማሪዎቻችን ሁሉ የተሳሳተውን ፔዳል እየረገጡ አስቸግረውን ነበር። ተመልሼ መጀመሪያ የነገርሁት ለአንተ ነው። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመን፣ አንድ እግሬን ግንዱ ላይ ጭኜ አሳየሁህ። «ግሩም ናት፤ ችግሩ ግን እነዚህ የከተማ ልጆች በሬን የሚያውቁት በሥጋ ቤት ነው» ብለህ ሳቅህ። በሳምንቱ ግን አንተም ማስተማር ጀመርህ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። የሁለታችን ነበረች።

አሁን ልጄ ፊት አንድ ገበሬ ሆንሁ።

ቅናት ነው። ሌላ ስም ብፈልግለት አጣሁ። ልጁ መነጽሩን ሲጠርግ እንደ አንተ በሸሚዙ ጫፍ ነው የሚጠርገው። ሰው ሲያወራው «እሺ፣ ቀጥሎስ» ይላል፤ ያንተ ቃል ናት፤ ድምፁ እንኳ ሲላት ይወፍራል። ኔትወርክ ባለ ቀን ሲደውልልኝ ስለ ውሃ ፓምፕ ይጠይቀኛል። ገበሬ አመጣልህ ወይ፣ ሞተሩን አስነሣኸው ወይ ይላል። ፓምፕ ጠጋኝ አባት ያለው ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ይጠይቃል? ሰማይ ላይ ስላለው ነገር የሚጠይቀው አንተን ነው። አንድ ቀን ስለ ነፋስ ልነግረው ጀምሬ «ጋሼ ነግሮኛል አባዬ» አለኝ። በጨዋነት ነው የተናገረው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል አንድ ብሎን ስፈታ ሳስር ቆየሁ።

ስድስተኛው ቀን ሊሄድ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ እንደ ቀልድ አንድ ነገር አነሣ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ቅጽ አውጥቷል፤ አስተማሪ ከተማሪው ጋር ዝምድና ካለው ያስታውቅ ይላል፤ ጋሼ «የለኝም» ብሎ ፈረመ፤ «እኔም ‹የለኝም› ብዬ ፈረምሁ» አለ። አቻምየለሽ የያዘችውን አስቀመጠች።

«የለኝም ማለት ምን ማለት ነው? ከውሃ ያወጣህ ማን ሆነና ነው? አሁን የእሱን ልጅ ላግባ ብትል ቄሱ ያጋቡሃል?»

«ቢሮ ዝምድና የሚለው ሥጋና ጋብቻን ነው እማዬ።»

«እሱማ ቢሮ ነው። ቢሮ መቼ ክርስትና ተነሣ» አለችው።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን እየሳቅሁ አንድ ነገር ያዝሁ። እዚያ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደንቡን አውቀዋለሁ። ዝምድና የደበቀ አስተማሪ ጉዳዩ እስኪጣራ ይታገዳል። ተማሪውም ከዘመዱ ጋር የበረረው ሰዓት አይቆጠርለትም። የናሁሰናይ ፈተና ኅዳር 25 ነው። ማመልከቻዬ ከዚያ በፊት ከደረሰ አንተ ከመቀመጫህ ትነሣለህ፤ ልጁ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር ከሀ ይጀምራል። የልጄንም እንጀራ እንደምነካ ሳላውቅ አይደለም። እያወቅሁ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ቢጀምር፣ ያ ሌላው ሰው ለእኔ ማንም አይደለም። እሱን ጋሼ አይለውም።

ሁሉ በሚያውቀኝ በፍኖተ ሰላም ማመልከቻ ማስጻፍ ጡሩንባ ማስነፋት ነው። ስለዚህ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድሁ። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ያረጋል የሚባል ራፖር ጸሐፊ አለ። ድሮ ዲያቆን ነበር፤ ጽሕፈቱ የተማረ ሰው ጽሕፈት ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን እንደ ተበደልሁ አይደለም።

«ሰውየው ምን ያህል ቢጎዳ ይበቃዎታል?» አለኝ። «እንዲደነግጥ ብቻ ነው? እንዲታገድ ነው? እንዲባረር ነው? ለየአንዳንዱ ቃሉ ይለያያል።»

«እውነቱ እንዲታወቅ ነው» አልሁት።

«እንዲባረር ነዋ» አለና መጻፍ ጀመረ።

ሲጽፍ ጥሩ ነው። አንተን «ቃለ መሐላውን ወደ ጎን የጣለ» አለህ። መሐላ እንዳልማልህ ብነግረውም «ፈርሞ የለ? ፊርማ መሐላ ነው» አለኝ። ጨርሶ ካነበበልኝ በኋላ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ አበልጅነትን ቢሮ አያውቀውምና ከቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ ላይ ተገልብጦ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያምጡ፤ ያለዚያ ተረት ነው ይሉዎታል አለ። ሁለተኛው ይህ ነው፦ «ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ ቅጽ ሞልቶ ከሆነ መዝገቡ ተቆፍሮ ይታይልኝ የሚል ልጨምርበት። አንድ ጊዜ የለኝም ያለ ሰው ቀድሞም ብሎት ይሆናል። ሰውን የሚጥለው አዲሱ ነገር አይደለም፤ አሮጌው ነው።»

አልከለከልሁትም። እሺታ አድርጎ ጻፈው።

አሮጌው ቅጽ እንዳለ አንተም እኔም እናውቃለን። ስለዚያ ቀን ሁለታችን አንድ ጊዜ እንኳ አላወራንም። ዛሬ በጽሑፍ ላውራ። አንተ አሁንም ዝም ማለት ትችላለህ።

ግንቦት 2007 ነው። ሦስት ነበርን። ይሄይስ ተማሪ ነውና በግራ መቀመጫ ነበር። እኔ አስተማሪው በቀኝ። አንተ ልትታዘብ ከኋላ። የሞተሮቹ እጀታዎች መካከል ናቸው፤ ተማሪ በቀኝ እጁ ይይዛቸዋል፣ አስተማሪ በግራ እጁ። ይህን ለአንተ መንገር አያስፈልግም። የምጽፈው ለራሴ ነው፤ ሳልዘል እንዳልፈው።

ቀኝ ሞተሩ የእውነት ጠፋ። ልምምድ አልነበረም። ይሄይስ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ «ቀኝ እግሬ ሥራ ፈቷል፤ የተኛው ቀኙ ነው» አለ። ልክ ነበር። ተማሪዎቼ ውስጥ እንደሱ ቶሎ የለየ የለም። «ተወው፣ እኔ ይዣለሁ» አልሁት። እጁን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ። ከዚያ ሳይረጋገጥ ግራው ሞተር ተዘጋ። ሁለቱም ዝም አሉ። ያን ዝምታ አሁንም አንዳንድ ቀን ፓምፕ ስዘጋ እሰማዋለሁ። አንተ ከኋላ በመቀመጫዎቹ መካከል እጅህን ሰድደህ እጀታው ላይ ያለውን እጅ ጥብቅ አድርገህ ያዝህ። «ግራው ደኅና ነው፤ መልስ» አልህ፤ በጣም ቀስ ብለህ፤ ሕፃን እንደምታባብል። ተመለሰ። ተነሣ። ወረድን።

ያቀረብሁት ዘገባ ላይ «ተማሪው በድንጋጤ በቀኝ እጁ ደኅናውን ሞተር ዘጋ» ይላል። ይሄይስ አይደለም ብሎ ጻፈ። የአንድ ተማሪ ቃል በሁለት አስተማሪ ቃል ተሸነፈ። በሳምንቱ ተባረረ። የምስክርነቱ ቅጽ ላይ «ከአስተማሪው ጋር ዝምድና አለዎት?» የሚል ጥያቄ ነበረ። «የለኝም» ብለህ ፈረምህ፤ የልጄ ክርስትና አባት ከሆንህ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖህ ነበር። ቃልህም እንደ ዘገባው ነው፤ ቀኝ እጅ ይላል።

አንተ የያዝኸው ግን ግራ እጅ ነበር።

በሦስተኛው ወር ጆሮዬን አመመኝ ብዬ ሥራውን ለቀቅሁ። ልጄም የሚያውቀው ጆሮዬን ነው። አሁን ሳስበው፣ የጥማዷን ነገር ያወጣት አባትህ ነው ብትለው ኖሮ ቀጥሎ ምን ብሎ ይጠይቅህ ነበር? ለእሱስ ምን ብለህ ትመልስለት ነበር? ስሜን የሸሸግኸው ለእኔ ብለህ እንደ ሆነ የገባኝ ያረጋል ወረቀቱን ሲያጥፍ ነው። ገብቶኝም ቅናቴ አልቀነሰም። የሰው ምሕረት ከሰው ስድብ ይከብዳል።

ይሄይስን ከሁለት ዓመት በፊት ቡሬ አግኝቼው ነበር። በነቀምት መውጫ ካለው የበቆሎ መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራል። ፓምፕ ይዤ ስሻገር አየኝና ጆንያውን አስቀምጦ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። «ካፒቴን፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለኝ። ከዚያ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ «አስተማሪዬ ናቸው፤ መብረር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አላቸው። አንዱ ተሸካሚ «ታዲያ በደንብ አላስተማሩህም፣ ይኸው ወድቀህ ከእኛ ጋር ቀረህ» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ፤ ይሄይስም ሳቀ። «ከእሳቸው የጎደለ የለም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡሬ ስሄድ በመጋዘኖቹ በኩል አላልፍም። ማመልከቻውን ያስጻፍሁ ዕለት እንኳ ዞሬ በገበያው ነው የሄድሁት። ረጅም መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ላቁም። የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ላመጣ መሄዴ ነው። ይህንን ደብዳቤ ይዤው እሄዳለሁ፤ ሁለቱን አንድ ቀን መላክ ፈልጌአለሁ፤ ማመልከቻው ለእነሱ፣ ይህ ለአንተ። እንደ ከሰስሁህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ።

*

ከቀትር በኋላ ነው። የምጽፍልህ ከሰበካ ጉባኤው ቢሮ ነው፤ ናሁሰናይ ክርስትና ከተነሣበት ደብር። ቢሮ ይሉታል እንጂ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሣጥን ነው። ቄስ ወልደ ሥላሴ አሁንም አሉ። አርጅተዋል፤ ግን ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። እጃቸውን ስስም አላወቁኝም ነበር፤ ስሜን ስነግራቸው «ኧረ አንተ! በሰማይ ላይ ጠፍተህ የለም እንዴ?» አሉኝ።

የልጄ ክርስትና የተመዘገበበት እንዲገለበጥልኝ ጠየቅሁ። የክርስትና አባቱ ስም ጭምር፣ በማኅተም።

«ለምን ይሆንሃል?»

«ለመሥሪያ ቤት ነው፣ አባ።»

«መሥሪያ ቤት አበልጅ መቁጠር ከጀመረማ ደግ ዘመን መጥቷል» አሉ።

ከሣጥኑ ውስጥ ሦስት መዝገብ አወጡ። የ1995ቱን ሲያገኙ በጣታቸው ወርደው ወርደው ቆሙ። የልጄን የክርስትና ስም አነበቡ፤ የእናቱን፣ የእኔን፤ ከዚያ ያንተን። «ያን ዕለት አንተ አልነበርህም» አሉኝ። አልነበርሁም። በረራ ነበረኝ። የሚተካኝ ሰው ነበረ፤ ግን አዲሷ አውሮፕላን የደረሰችኝ ሳምንት ነበርና አልተውሁም። አንተም በረራ ነበረህ፤ አንተ ትተህ መጣህ። «ልጁ ከውሃው ሲወጣ ትንፋሹ ተይዞ ነበር፤ አበልጅህ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞት በቤተ ልሔሙ ዙሪያ ሲመላለስ እናቱ እንኳ ልትቀበለው አልቻለችም፤ ማዕተቡን ያሰረለትም እንደ ታቀፈው ነው» አሉኝ። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አቻምየለሽም አልነገረችኝም። እንግዲህ ልጄን መጀመሪያ የያዝኸው አንተ ነህ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ለካ።

ቄስ ወልደ ሥላሴ መገልበጥ ጀመሩ። እየገለበጡም ያወራሉ። «አበልጅህ ደግ ሰው ነው» አሉ። በየዓመቱ በልጁ ክርስትና ዕለት ጧፍና ዘቢብ ይልካል፤ ስም ያስጠራል። እኔ ይህንንም አላውቅም ነበር።

«የማንን ስም ነው የሚያስጠራው?» አልኋቸው።

«የልጁን ነዋ። ያንተንም። ቀድሞ ሁለት ነበሩ። ሦስተኛውን ከጨመረ አሥር ዓመት ይሆነዋል፤ ይሄይስ የሚባል ነው። የክርስትና ስሙን ጠይቄው አላውቀውም አለኝ። እኔም በዓለም ስሙ ነው የማነሣው፤ እግዚአብሔር አይሳሳትም ብዬ።» ብዕራቸውን አንሥተው አዩኝ። «ማን ነው? ዘመዳችሁ ነው?»

«ማኅተሙስ፣ አባ?» አልኋቸው። «ማኅተሙ ያለው ከሰበካው ሊቀ መንበር ቤት ነው፤ ላምጣው፣ አንተ አረፍ በል» ብለው ወጡ። ይህን የምጽፈው እሳቸው እስኪመለሱ ነው።

አልዋሽህም። መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም፤ ቅናት ነው። በዚህም ቀደምኸኝ። አንተ አሥር ዓመት ስሙን ስታስጠራ እኔ መንገድ ስቀይር ነበርሁ። ሐሰቱን ስትፈርም ለእኔ ብለህ ነው፤ ቀሪውን ግን ብቻህን ተሸከምኸው፤ ከዚያ ሸክም እንኳ ድርሻዬን አልሰጠኸኝም። አልጠየቅሁህም፤ እሱም እውነት ነው።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያንተ ስም ተጽፏል፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው። ማመልከቻው ቡሬ ያረጋል ዘንድ ነው፤ ገና አልፈረምሁበትም። ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይገኛል። መጋዘኑ እስከ አሥራ አንድ አይዘጋም። ያንን ሰው የክርስትና ስሙን እስካሁን የጠየቀው የለም።

ናሁሰናይን በቀኑ ለፈተና አቅርበው። ለእኔ ብለህ አታባብለው። ከፈተናው በኋላ ግን ወደ ቤት ላክልኝ፤ ስለ ጆሮዬ ልነግረው የሚገባኝ አለ። ከእኔ ሲሰማው በግራ መቀመጫ ማን እንደ ነበረ፣ በቀኝ ማን እንደ ነበረ ይጠይቀኛል። እሱ እንደ አንተ ነው፤ «እሺ፣ ቀጥሎስ» ይለኛል። ስለዚያ ግንቦት አንተን የጠየቁህ ቀን ደግሞ፣ ከእንግዲህ ለእኔ ስትል አትፈርም።

እግዚአብሔር ወገብህን ያጽናልህ። የእማማ ማሚቱን ዕድሜ ያርዝምልህ። በእጅህ የሚበሩትን ልጆች ሁሉ በሰላም ያውርድልህ። ባለቤትህንና ልጆችህን ይጠብቅልህ። አቻምየለሽ ሰላም ትልሃለች፤ ምን እንደምጽፍልህ ግን አታውቅም።

ቄስ ወልደ ሥላሴ በዋንዛው ሥር እየመጡ ነው፤ በመስኮቱ ይታዩኛል። ማኅተሙን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። የደከሙትን ሽማግሌ ማስቀየም ነው፤ ቢሆንም ወረቀቱን እዚሁ ትቼ በጓሮው በኩል እወጣለሁ።

አበልጅህ